ጨፋሪ የተዋስኩለት መግቢያ

ያን ቀን ጠዋት የመኪናዋን የወንበር ልብስ እያጠብኩ ነበር። ሐሙስ ነው፣ ወሩ ጥር። የኮልፌን የጥር ጠዋት ያሁን ሰው አያውቀውም። ቤት በቤት ላይ ከሆነ ወዲህ ብርዱ ራሱ ማለፊያ አጥቶ ሄዷል። ንጉሡ ሳይወርዱ፣ ያኔ፣ ማታ ውጪ የረሳሽው የሳፋ ውሃ ጠዋት ላዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ በረዶ ይዞ ታገኚዋለሽ። እሱን በጣቴ ሰብሬ ነው እጄን የነከርኩት። ከዚያ በኋላ ጣቴን ብትቆርጪው አልሰማሽም።

መኪናዋ የእኛ አይደለችም። አያትሽ ታክሲ ነጂ ነበር። ሴቼንቶ የምንላት፣ አራት ሰው ተጠቅጥቆ የሚገባባት ትንሽ የጣሊያን መኪና። ባለቤቷ ወደ ጦር ኃይሎች የሚኖር ሰው ነው። ቀን አያትሽ ይነዳታል፣ ማታ እኛ ግቢ ታድራለች። ሰውየው "መንገድ ዳር ካደረች ጎማዋን ፈተው ይወስዱብኛል፤ ግቢ ያለው ሾፌር ነው የምፈልገው" ብሎ ነው ከስንቱ መሃል አያትሽን የመረጠው። ግቢ ደግሞ አለን። ቤታችን ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ብትሆንም ግቢው ሰፊ ነው። ችግሩ መግቢያው ነው።

መግቢያው ከዋናው መንገድ እስከ ደጃችን ሽቅብ ይወጣል፤ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በጣሊያን ጊዜ ድንጋይ ተነጥፎበት ነበር። እኛ ስንገባ ግማሹ ድንጋይ ሰምጧል፣ ግማሹ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ያሁኑን የእኔን ጥርስ ነው የሚመስለው። ሳቂ፣ ግድ የለም፣ ብቻ እየጻፍሽ ሳቂ። ክረምት የዝናቡ ውሃ ከሥር እየገባ ይቦረቡረዋል፣ በጋ ሲሆን ደግሞ የእትዬ እጣቢ።

እትዬ የምልሽ ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። እንደ እኛው ከጉራጌ አገር ነው የመጡት፣ ኮልፌ ገበያ ቅቤ ይነግዳሉ፣ ምላሳቸው ምላጭ ነው። በዚያ እጣቢ የተነሳ ከገና ጀምሮ ተኳርፈናል። እኔ "የእርስዎ ውሃ መግቢያዬን በላው" አልኩ። እሳቸው "ጣሊያን ያነጠፈው ድንጋይ ከጣሊያን ጋር አብሮ ይሂድ፤ የእኔን ውሃ ምን አመጣው" አሉኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ እንደምን አደርሽ ቀረ።

እና ልብሱን እየጨመቅኩ ሳለ አያትሽ መኪናዋን አስነስቶ ወደ መንገድ ወረደ። "ቋ!" አለች። ይሄንን ቋ በየቀኑ ስለምሰማው ቀና ብዬም አላየሁ። ወዲያው ግን የሰው ጩኸት ሰማሁ። ለካ ባለመኪናው በጠዋት ሊያያት መጥቶ መንገድ ዳር ቆሟል። ድንጋዩ ሆዷን ሲቧጥጣት በዓይኑ አየ።

"ይሄ መግቢያ ነው የድንጋይ ካባ?" አለ።

"ጋሼ፣ እኔኮ ቀስ አድርጌ ነው የማወርዳት" አለ አያትሽ።

"ቀስ አድርጌ ነው የምገድላት በለኛ!"

ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። ኮፓው፣ የዘይት መያዣዋ ማለት ነው፣ ተጫጭሯል። ቀጥ ብሎ ቆመና ኮቱን አራገፈ።

"ስማ፣ አንተ ክፉ ሰው አይደለህም። ግን መኪናዬን ድንጋይ እያስላስኩ አላሳድርም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ። ራሴ ነድቼ ከዚህ እስከ ደጅህ እወጣለሁ። ሆዷ ሳይነካ ከገባች ቁልፉ አንተ ጋ ይቆያል። አንዴ ቋ ካለች ግን ሜዳ ግቢ ያለው ሌላ ሾፌር አግኝቻለሁ፣ እንዳትቀየመኝ።"

አያትሽ ለዚያች ቁልፍ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲያጥብ ኖሯል፤ ከዚያ በፊት ሥራው ሸክም ነበር። ጀርባው ላይ የጆንያው ገመድ የሠራው ጠባሳ እስኪሞት አልጠፋም። ቁልፉ ሄደ ማለት ተመልሶ ጆንያ ሥር ገባ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ያኔ የእናትሽን ታላቅ ይዤ ስድስተኛ ወሬ ነው።

አርብ ጠዋት አንድ የካሚዮን ሾፌር ጓደኛው ከካባ ገረጋንቲ ጭኖ መጥቶ መንገዱ አፍ ላይ ደፋልን። ገረጋንቲ ያ ቀዩ አፈርና ጠጠር አብሮ ያለበት ነው፤ ፒስታ መንገድ ላይ የሚያለብሱት። አያትሽ የወጣ የወጣውን ድንጋይ በዶማ እየነቀለ የጎደጎደው ውስጥ ቀበረው። ከዚያ ጓደኛውና እሱ ባሬላውን ፊትና ኋላ ይዘው ሲያመላልሱ፣ እኔ በአካፋ ስበትን ዋልን። "አንቺ ተቀመጪ" ይለኛል፤ እቀመጥና መልሼ እነሳለሁ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መግቢያችን ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆኖ ሲታይ እንዴት እንዳማረ! አንድም ድንጋይ አይታይም። ጓደኛውን መርቀን ሸኘነው።

አያትሽ ደስ ብሎት መኪናዋን ሊሞክራት አስነሳ። ገና ሦስት እርምጃ ሳትወጣ የኋላ ጎማዋ ገንፎ ውስጥ እንደ ገባ ማንኪያ ስምጥ አለ። ቤንዚን በሰጣት ቁጥር ቀዩን አፈር ወደ ኋላ ትተፋዋለች። በስንት ግፊያ አወጣናትና ለሰፈሩ ዘበኛ አደራ ብለን እስከ እሁድ መንገድ ዳር አሳደርናት።

"ገረጋንቲ ካልተረገጠ አፈር ነው" አለ ላቡን እየጠረገ። "ዳምጠው ነው የሚፈልገው።"

ዳምጠው ያ ባለ ብረት ጎማው፣ መንገድ የሚጠቀጥቀው ነው። እሱ ደግሞ የመንግሥት ነው፤ የኛን ሠላሳ እርምጃ ሊረግጥ አይመጣም። አያትሽ የባሕር ዛፍ ግንድ ቆረጠ፣ እጀታ መታበት፣ ድም ድም ያደርግ ጀመር። ሲመሽ መዳፉ ውሃ ቋጥሯል፣ የጠበቀለት ቦታ ግን አንድ አልጋ አያዘረጋም።

"በዚህ አያያዝህ ለፋሲካ እንደርሳለን" አልኩት።

"ለየትኛው ፋሲካ?" አለኝ።

እንደዚያ ብሎ እየሳቀ ግንዱ ላይ ተቀመጠ። እየሳቀ ነው ያልኩሽ፣ ዓይኑ ግን አይስቅም።

ይሄን ጊዜ ከእትዬ ግቢ ጭፈራ ተነሳ። በማግሥቱ ቅዳሜ ልጃቸውን ይድሩ ነበር፤ ዘመድ ከዋዜማው ተሰብስቧል። እኛም ጎረቤት ነንና ተጠርተናል፣ ኩርፊያ ሌላ ሠርግ ሌላ። የእኛን አገር ጭፈራ ታውቂዋለሽ፤ መሬት ካልተመታ ጭፈራ አይባልም። ሃያ ሰው አንድ ላይ ዘሎ አንድ ላይ ሲያርፍ በአጥር ማዶ ሆኜ የመደርደሪያዬ ብርጭቆ ተንጫጫ። ብርጭቆውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ አገር ቤት አዲስ ቤት የሠራን ጊዜ፣ ወለሉ አልጠብቅ ሲላት የሰፈሩን ልጃገረድ ጠርታ አስጨፍራበታለች። ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ።

"ወዴት?" አለኝ አያትሽ።

"ዳምጠው ላመጣልህ" አልኩት።

እትዬ ግቢ ስገባ ድስት እያማሰሉ ነበር። ሲያዩኝ ማማሰያውን አቆሙት።

"ምን እግር ጣለሽ? ውሃ ደፍቼ ይሆን?"

"እትዬ፣ አንድ ነገር ሊያውሱኝ ነው የመጣሁት።"

"ድስት ከሆነ ሁሉም እሳት ላይ ነው።"

"ድስት አይደለም። ጨፋሪ ነው።"

አጠገባቸው ሽንኩርት ወደሚልጡት ሴቶች ዞረው፣ "ሰምታችኋል? ሰው ወንፊት ይዋሳል፣ ሙቀጫ ይዋሳል። ይቺ ጨፋሪ አውሱኝ ትላለች! መቼ ልትመልሺልኝ ነው?" አሉ።

ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። እኔ ግን ሳላፍር ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የባለመኪናውን፣ የእሁዱን፣ የገረጋንቲውን። "የእርስዎ በር ጠባብ ነው፣ ዳሱም ግቢውን ሞልቶታል፣ ሰዉ የሚዘልበት የለውም። የመሃሉን አጥር ላንሳልዎት፣ ሙሽራው በእኔ መግቢያ ይግባ፤ ግቢዬም ለእንግዳዎ ይሁን። ሰርገኛውን እዚያ መግቢያ ላይ ያዙልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

መቼም ታውቂያለሽ፣ ሙሽራው ከነሚዜው ሲመጣ የሴት ወገን በሩን ዘግቶ አናስገባም እያለ ይዘፍናል። ሰርገኛው ደግሞ ለመግባት እየዘለለ ይገፋል። ሠላሳ እርምጃ ሙሉ በዚህ ዓይነት ተገፋፍቶ ቢወጣ ዳምጠው ምን ያደርጋል?

እትዬ ማማሰያቸውን ወደ ድስቱ መለሱት። "ስለ ውሃው ምን ትያለሽ?" አሉ።

"የጣሊያን ድንጋይ ነው ጥፋተኛው" አልኩ።

"እሱን በይ!" አሉኝ። ታረቅን።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት የሴቱ ወገን መግቢያችን ላይ ወረደ። አያትሽ ጎማዋ የምታልፍበትን ሁለት መስመር በኖራ አስምሮ፣ "በዚህና በዚህ ዝለሉልኝ፣ እባካችሁ፣ ከዚህ መስመር አትውጡብኝ" ይላል። እኔ ገረጋንቲው እንዲያያዝ በጣሳ ውሃ እረጫለሁ።

"ምን ታጠጪናለሽ፣ ችግኝ ነን እንዴ?" ትለኛለች አንዷ።

"ዝም ብለሽ ዝለይ፣ ታድጊያለሽ!"

የእትዬ አክስት፣ በጣም ወፍራም ሴት፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ከዳር ቆመው ያጨበጭባሉ። አያትሽ እጃቸውን ይዞ መሃል ቦታ ወሰዳቸው። "እማማ፣ እርስዎ እዚህች ጋ ብቻ።" ሁለት ጊዜ ዘለሉለት። እግራቸውን ሲያነሱ ቦታው እንደ ድንጋይ ሆኗል። "እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ደግሞ አንድ እርምጃ ወደዚህ።" እንደዚያ አንድ እርምጃ አንድ እርምጃ እያለ አስወጣቸው። ሴትዮዋ አክብሮት መስሏቸው ደስ ብሏቸዋል። ቆይተው የገባቸው ጊዜ "አንተ! እንደ ግንድ ነው ለካ የያዝከኝ!" ብለው በመቀነታቸው ጫፍ ጀርባውን መቱት፣ ግን መዝለሉን አልተዉም።

ሰርገኛው ደረሰ። ወንዶቹ ከታች፣ ሴቶቹ ከላይ። አናስገባም፣ እንገባለን፣ ድም፣ ድም። ሁለት እርምጃ ይወጣሉ፣ አንድ ይመለሳሉ። ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ለብሶ ላብ በላብ ሆኗል። ልማዱ ትንሽ ይዘፈንና ይከፈታል፤ እዚህ ግን ሴቶቹ ሊከፍቱ ሲሉ አያትሽ ከዳር ሆኖ በእጁ "ገና፣ ገና፣ መሃሉ ገና ነው" ይላቸዋል። አንዱ ሚዜ ሰምቶት፣ "አንተ የማን ወገን ነህ?" አለው። "የመኪናው" አለ አያትሽ።

ሁሉ ነገር ያማረው እዚህ ድረስ ነው። ሰርገኛው ወደ ላይኛው ግማሽ ሲደርስ ቀይ አቧራ ተነስቶ የሰዉን ነጭ ልብስ አቀላው። እትዬ ይሄንን ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ። "ሠርጌ ላይ እንግዳዬ በአፈር ሊጨፍር!" አሉና ዳሱ ውስጥ ሊነጠፍ የመጣውን ቄጠማ ሁሉ በሸክም አስመጥተው፣ አትበትኑ ብዬ ሳልጨርስ፣ መግቢያው ላይ ከላይ እስከ ታች አለበሱት። ሰዉም እልል ብሎ ዘለለበት። እርጥብ ቄጠማ፣ ውሃ የጠጣ ገረጋንቲ፣ ስልሳ ሰው። ሙሽራው ገብቶ፣ ሙሽሪት ወጥታ፣ ሰው በልቶ ተበታትኖ ስናየው መግቢያው ጎመን ወጥ መስሏል። ከሥሩ ጠብቋል፣ እውነት ነው፣ በተረከዝሽ ብትመቺው ይመልስልሻል። ላዩ ግን ሙልጭልጭ!

"ጠብቆልህ የለ?" አልኩት አያትሽን።

"ጠብቋል። ቁልፉን ግን ከእጄ ነው የሚያንሸራትተው" አለ።

እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ ሊፍቀው ወጣ። ሌሊት ውርጭ ወርዶ ያ የተረገጠ ቄጠማ ላዩ ነጭ ሆኗል። አካፋውን ይዞ አንድ እግሩን እንዳሳረፈ፣ ብድግ፣ በቂጡ ቁጭ፣ ከዚያ እስከ ዋናው መንገድ! ታች ደርሶ ቁጭ ብሎ ወደ ላይ ያየኛል። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ። ቄጠማው አይፋቅም፤ ከገረጋንቲው ጋር ተሰፍቷል። ቢነቅሉት አፈሩ አብሮ ይነሳል፣ የትናንቱ ድካም ሁሉ ይናዳል።

ቆሜ ሳስብ የእትዬ ግቢ ታየኝ። አጥሩ እንደተነሳ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስድስት ጉልቻ የነደደበት አመድ እንደ ጉብታ ተከምሯል። ክረምት ደጃችን ሲያንሸራትት አመድ አይደል የምንበትን? ሮጥኩ። እትዬ ትናንት በደከመ ዓይናቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

"እትዬ፣ አመድዎን ይስጡኝ።"

"ትናንት ጨፋሪ፣ ዛሬ አመድ!" አሉ። "አንቺ ልጅ፣ ደግ ነገር መለመን አልተማርሽም?"

ይሄን ብለው ግን እሳቸው ራሳቸው ነበሩ መጀመሪያ በአቁማዳ የሸከፉት። ቄጠማው የእሳቸው ሥራ መሆኑ ገብቷቸዋል፤ በአፋቸው አይሉትም እንጂ። ለሠርግ መጥተው ያደሩት ዘመዶችም ተነሱ። አመዱን ጠጠር ጠጠር ካለው ከሰል ጋር አድርገን በተንነው፣ በእግራችን አሸነው። ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ሲቀልጥ አመዱ እርጥበቱን ጠጣው።

ሰውየው መጣ። ነጠላውን በኮቱ ላይ አጣፍቶ፣ ከቅዳሴ በቀጥታ። መንገድ ዳር ቆሞ መግቢያውን አየው፤ ከሥር ቀይ፣ መሃሉ አረንጓዴ፣ ላዩ ግራጫ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"መግቢያ ነው፣ ጋሼ" አለ አያትሽ።

"ማነው የሠራው?"

"ሰርገኛ።"

ሰውየው ሌላ አልጠየቀም፤ ቁልፉን ተቀብሎ ገባ። እኛ ከዳርና ከዳር ቆምን፣ እትዬ ከእነ ዘመዶቻቸው። አስነሳና ወደ ላይ ያዛት። አምስት እርምጃ፣ አሥር እርምጃ፣ ምንም የለም። እዚያ መሃሉ ላይ የኋላ ጎማዋ አረንጓዴውን አገኘችው፣ እስስ አለችና ወደ ጎን ሄደች። እኔ ፊቴን ሸፈንኩ። ሴቶቹ "እግዚኦ!" ሲሉ ሰማሁ። ፊቴን ስገልጥ ጎማዋ አመዱን ነክሳ ቀጥ ብላለች። ያን ያክስትየዋን ቦታ ስትረግጥ እንደ አስፋልት ነው የሄደችው። ደጄ ድረስ መጣች፣ ቆመች። ቋ የሚል ነገር አልተሰማም።

ሰውየው ወርዶ ያን የቅዳሴ ሱሪውን ሳይሰስት ተንበርክኮ ሆዷን አየ። በእጁ ዳሰሳት። ሲነሳ ሁለት ጉልበቱ አመድ ነው።

"ደረቅ ናት፣ ዘይትም አላፈሰሰችም" አለ። ተረከዙን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ። "እኔም አንድ መጋዘን አለኝ፣ ወለሉ እንቢ ያለኝ። እነዚህ ሰርገኞች የት ነው የሚገኙት?"

"የሚዳር ልጅ አለዎት?" አሉት እትዬ ከዳር ሆነው።

"ሦስት።"

"እንግዲያማ ምን አነሰዎት!"

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ቁልፉን አያትሽ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት፤ ያ ውሃ የቋጠረው መዳፍ ላይ። አያትሽ አመመው መሰለኝ ፊቱ ተጨማደደ፣ እጁን ግን ጭብጥ አደረገው።

ከሰዓት በኋላ አያትሽ ለሥራ ወጥቶ እኔ አካፋና ባሬላውን ሳጥብ እትዬ መጡ። መግቢያውን ከታች እስከ ላይ በእግራቸው ወጡት፣ አንድ ሁለት ቦታ ቆመው በተረከዛቸው ሞከሩት። ከዚያ አጠገቤ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦

"ቁልፉ ከቀረላችሁማ ለባልሽ ንገሪው። ማክሰኞ ልጄ ለመልስ ስትመጣ ከነባሏ በእናንተ መኪና ነው የምትመጣው። እዚሁ ያንቺ ደጅ ትውረድልኝ፤ የእኔ በር እንደሆነ ገና አልተጨፈረበትም።"